ባለ 61 ሜጋፒክስል ካሜራ እጃችሁ ሲገባ፦ ከሐዋሳ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ጀልባዎቹ ገና ወደ ዳር እየገቡ ነው። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የተጠላለፈውን ይፈታሉ። ሰላም ብያቸው ካሜራዬን አሳየኋቸው። "አባባ፣ አንድ ላንሳዎት?" አልኳቸው። "እጄን አንሺ፣ ፊቴን ተይው" አሉኝ። እጃቸውን አነሳሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩና አሰፋሁት። አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አንዲት የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ተለጥፋለች። ቅርፊቷ ጠርዝ ላይ ውሃ አለ። የመረቡ ክር ወደ የት በኩል እንደተገመደ ሳይቀር ይታያል። ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ስድስት ዓመት ፎቶ ሳነሳ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ቀጣዩን ፎቶ ከፈትኩ። ያው እጅ፣ ያው መረብ። የተነሳው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው። ብዥ ብሏል። ሐይቁ ዳር ሆኜ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳየው ግን ምንም አልነበረበትም።

ምክንያቱን ፈለግኩ። ጥሩው በ1/500ኛ ሰከንድ የተነሳ ነው። ብዥ ያለው በ1/125ኛ። በድሮው ካሜራዬ ቢሆን ሁለቱንም ያለ ሐሳብ ለደንበኛ እሰጥ ነበር።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ ነው የማነሳው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምሠራው ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዤ ነበር። አንድ ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው የሚሠራበት አንድ ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥብ ነው፤ አንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል። አሁን የያዝኩት ሶኒ ኤ7አር 4 ይባላል። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ካሜራ ነው፤ ለእኔ ግን አዲስ ነው። ባለ 45ም ሆነ ባለ 61 ሜጋፒክስል የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ካሜራው እጄ ላይ የነበረውን ጉድለት ሁሉ አውጥቶ አሳይቶኛል። ሌንሱ ነው፣ ካሜራው ነው ከማለታችሁ በፊት አያያዛችሁን ፈትሹ።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ከ24 ወደ 61 ሲባል ብዙ ሰው ፎቶው ሁለት እጥፍ ተኩል የሚጠራ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በቤት ካሬ አስቡት። 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ክፍል 24 ካሬ ነው። 60 ካሬ ክፍል ደግሞ 6.3 በ9.5 ገደማ ነው። ስፋቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ጨመረ፣ ግድግዳው ግን የረዘመው አንድ እጥፍ ከግማሽ ትንሽ በልጦ ነው። ፎቶም እንዲሁ ነው። የድሮው ካሜራዬ 6,000 በ4,000 ፒክስል ይሰጣል። አዲሱ 9,504 በ6,336።

ይህ ማለት ለአልበም ለውጡን አታዩትም። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አልበም በ24 ሜጋፒክስል ጥርት ብሎ ይታተማል። ለውጡ የሚታየው ትልቅ ፎቶ ስታሳትሙ ነው። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሳሎን ፎቶ አስቡ። በድሮው ካሜራ በአንድ ኢንች 169 ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው። በአዲሱ 268። ሰው ጠጋ ብሎ ሲያየው ልዩነቱ ፊት ለፊት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም መቁረጥ ነው። ጉዱማሌ ላይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ልጠጋ ብትሉም መንገድ የለም። በድሮው ካሜራ ከርቀት ያነሳሁት የአንድ አባት ፊት አለ። ከሕዝቡ መሀል ቆርጬ ላወጣቸው ሞክሬ ፎቶው ተበላሸብኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚህ ካሜራ ግን የመሀሉን ክፍል ብቻ እንዲያነሳ ስታዙት እንኳ 26 ሜጋፒክስል ይቀራችኋል። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ300 ያህል የሚያቀርብ ይሆናል ማለት ነው። ሌላ ሌንስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በአልበምና በቴሌግራም ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሌንስና ለፍላሽ አውሉት። ከልቤ ነው የምለው።

መጀመሪያ እጃችሁን ፈትኑ

ብዥታው ድሮ ለምን አልታየኝም? የድሮው ካሜራዬ አንዱ ፒክስል ስፋቱ 6 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ነበር። የአዲሱ 3.76 ነው። እጄ ትንሽ ስትነቃነቅ ምስሉ ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ 6 ማይክሮን ያህል ቢንሸራተት፣ ድሮ አንድ ፒክስል ብቻ ነው የሚበላሸው። አሁን አንድ ተኩል ያልፋል። እጄ ያው ነው፤ መለኪያው ግን ረቀቀ።

ፎቶ የተማርን ሁሉ አንድ ደንብ እናውቃለን። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስታነሱ ሹተር ስፒዱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት፣ ከ1/85 ሰከንድ አይዝገም ይባላል። በእነዚህ ካሜራዎች ይህ አይበቃም። እጥፍ አድርጉት፤ ቢቻል ሦስት እጥፍ። እኔ በ85 ሌንስ ለቆመ ሰው ከ1/250 አልወርድም። ለሚንቀሳቀስ እጅ፣ ለሚስቅ ልጅ፣ ለምትጨፍር ሙሽራ ከ1/500 ጀምሩ።

"ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ነገር አለው አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አለው፣ በደንብም ይሠራል። የሚያስተካክለው ግን የእናንተን እጅ ነው። የዓሣ አጥማጁን እጅ አያቆመውም።

ስለዚህ ካሜራው በገባ በመጀመሪያው ቀን ይህን አድርጉ። ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የቡናም ይሁን የብስኩት፣ ጽሑፉ ደቃቅ ይሁን። ሦስት ሜትር ያህል ራቁ። ሁልጊዜ የምትጠቀሙበትን ሌንስ ግጠሙና ቆማችሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በ1/60 አሥር ፎቶ አንሱ። ከዚያ በ1/125፣ በ1/250፣ በ1/500 እንዲሁ አሥር አሥር። ኮምፒውተር ላይ አስገቡና ደቃቁን ጽሑፍ እያያችሁ የጠራውን ቁጠሩ። የእናንተን ልክ ከእኔም ሆነ ከማንም አትሰሙትም፤ ካርቶኑ ይነግራችኋል። እኔ ከ1/125 በታች ያነሳሁትን አብዛኛውን ጣልኩት። ክርኔን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ለቅቄ፣ ቁልፉን ቀስ ብዬ ስጫን ግን የጠራው ቁጥር ጨመረ። ቁልፉን ቆንጠር አድርጎ መጫን የሚባል የሠርግ አንሺ ልማድ አለብን። ካሜራውን ወደ ታች ይመታዋል። ተዉት።

ያው ካርቶን ሌላ ሥራም ይሠራል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉና ካርቶኑ አንድ ጊዜ በግራ ጥግ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ጥግ፣ ከላይም ከታችም እየሆነ አንሱት። በእያንዳንዱ ጥግ ፎከሱን አዲስ ያዙ። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ለይቶ የሚደበዝዝ ከሆነ የሌንሱ ውስጥ መስታወት ዘንበል ብሏል ማለት ነው። በተለይ ሌንስ ሰከንድ ሃንድ ስትገዙ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

አባ ኮዳና የዓይኑ ነገር

አሞራ ገደል አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ውጭ አይሆንም። የዓሣ ፍርፋሪ ለማግኘት ሰው መሀል ይንጎራደዳል፤ ቁመቱ የልጅ ያህል ነው፤ አይፈራም። ለፎከስ ልምምድ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ይህ ካሜራ የሰውን ዓይን ፈልጎ ፎከስ ያደርጋል። ሙሽራ ስታነሱ ተአምር ነው። የውሻና የድመትንም ያውቃል። የወፍ ዓይን ግን አያውቅም፤ ያ የመጣው ከእሱ በኋላ በወጡት ካሜራዎች ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ጠዋት ሙሉ አባከንኩ። ካሜራው በራሱ ፍላጎት ትልቁንና ቅርቡን ነገር፣ የአባ ኮዳውን ምንቃር ይይዛል። በድሮው ካሜራ ምንቃሩ ከጠራ ዓይኑም የጠራ ይመስል ነበር። አሁን ምንቃሩ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ይታይና ዓይኑ ጭጋግ ይለብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፎከሱን ነጥብ ወደ ትንሹ ነጥብ ቀይሩት፣ በጣታችሁ ወይም በትንሿ ጆይስቲክ ዓይኑ ላይ አስቀምጡት፣ ዓይኑ ላይ ብቻ ያዙት። ዳያፍራሙንም፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ በጣም አትክፈቱት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል። በድሮው ካሜራ ኤፍ 2.8 ላይ የማነሳውን አሁን ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ አነሳለሁ። በትልቅ ፎቶ ላይ ከቅርብ እስከ ሩቅ የሚጠራው ክልል ጠባብ ሆኖ ስለሚታይ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ጠዋት ተሳካልኝ። አባ ኮዳው ወደ ሐይቁ ዞሮ ቆሟል፣ ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ከጀርባዬ ትመጣለች። ራሱ ላይ ያለው ስስ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ ሮዝ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ዓይኑ ውስጥ ደግሞ ጀልባው፣ ዛፉና አንድ ትንሽ ጥቁር ቅርጽ ይታያል። ቅርጹ እኔ ነኝ፤ ካሜራ ይዤ በርከክ ብዬ።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ወደ ሐይቁ ስታነሱ ፀሐይ ከኋላችሁ ናት፤ ማታ ግን ከፊታችሁ ሐይቁ ላይ ትጠልቃለች። ዝርዝር የምትፈልጉ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ረጅም ሌንስ ከያዛችሁ ደግሞ 3 ሰዓት ሳይሆን ጨርሱ። ፀሐይ ስትጠነክር ውሃው ላይ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፣ ከርቀት ያነሳችሁት ወፍ በሙቀት መሀል የታየ ይመስላል። ለሰዓታት ሌንሴን ስወቅስ ቆይቼ ነው ይህ የገባኝ። በማግስቱ በ1 ሰዓት ያንኑ ቦታ ሳነሳው ጠራ።

አባ ኮዳው ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ስለሆነ ብርሃን ልክ ማውጣትም ያስተምራል። ነጩ እንዳይቃጠል አድርጋችሁ ትንሽ ጨለም አድርጋችሁ አንሱ። በአይኤስኦ 100 (ዝቅ ባለ የብርሃን ስሜት) ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል ካነሳችሁ ጥቁሩን በኋላ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ታወጡታላችሁ፤ የዚህ ሴንሰር ትልቁ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ዳያፍራሙን እስከ ኤፍ 16 መዝጋት ዋጋ አለው

ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ ከተማውንና ሐይቁን በትራይፖድ አነሳሁ። "ሁሉም ይጥራ" ብዬ ኤፍ 16 ላይ አደረግኩት። ቤት መጥቼ ከኤፍ 8ቱ ጋር ጎን ለጎን ሳየው ኤፍ 16ቱ በሙሉ ለስለስ ብሏል። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ መስመር ጠፍቷል።

የብርሃን ባሕርይ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ነጥብ የነበረው ክብ ይሆናል። ኤፍ 8 ላይ የዚያ ክብ ስፋት 11 ማይክሮን ገደማ ነው። ኤፍ 16 ላይ 21 ይደርሳል። ፒክስላችሁ 3.76 መሆኑን አስታውሱ። ለመሬት ገጽታ ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ድረስ ቆዩ። የግድ ከሆነ ኤፍ 11። ቅርቡም ሩቁም እንዲጠራ ከፈለጋችሁ አንዱን ፎቶ ቅርቡ ላይ፣ አንዱን ሩቁ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱና ኮምፒውተር ላይ አገናኟቸው።

ካሜራው 16 ፎቶ አንስቶ ወደ 240 ሜጋፒክስል የሚያገናኝ ነገርም አለው። ቅጠል፣ ውሃና ሰው ባለበት አይሆንም። ለሥዕል፣ ለድሮ የብራና ጽሑፍ፣ ለማይንቀሳቀስ ዕቃ ነው።

ሠርግ ላይ

የመጀመሪያውን ሠርግ በዚህ ካሜራ ሳነሳ ልቤ ይመታ ነበር። ሁለት ነገር ገጠመኝ።

አንዱ የሙሽሪት ፊት ነው። ካሜራው የፓውደሩን ቅንጣት ሁሉ ያሳያል። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ፊቱን በሙሉ ማለስለስ ነበር። አደረግኩት፣ አየሁት፣ ሰረዝኩት። ልጅቷ ፕላስቲክ መሰለች፤ እናቷ ያንን ቢያዩ ልጃቸውን አያገኟትም። የተሻለው ከመነሻው ነው። ሙሽሪትን ከመስኮት አጠገብ፣ መጋረጃ ያለሰለሰው ብርሃን ላይ አስቀምጧት። የጣሪያ አምፑል ብቻ ባለበት ፊቷን አታቅርቡ። ለሜካፕ ሠሪዋ ቀደም ብላችሁ ንገሯት፤ ስስ አድርጋ ትሠራለች። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሻርፕኒንጉን (ጠርዞችን ማጥሪያውን) ቀንሱት። ላይትሩም በራሱ የሚጨምረው ለዚህ ካሜራ ፊት ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው የሚዜዎቹ ሱፍ ነው። አንደኛው ሚዜ ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ያለው ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ፎቶው ላይ ትከሻው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ማዕበል ወጣ። ሞይሬ ይባላል። የጨርቁ ሽመናና የሴንሰሩ ፒክስል ሲገጣጠሙ የሚፈጠር ነው። ይህ ካሜራ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ ተብሎ ሞይሬን የሚከላከለው ማጣሪያ ስለሌለው አልፎ አልፎ ይመጣል። ግማሽ እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ሱፍ፣ ስስ ነጠላና ሻሽ ስታነሱ ከአንድ ርቀት ብቻ አታንሱ።

ያው ካሜራ ግን የሐበሻ ቀሚሱን ጥለት ሲያነሳ ዓይን አያስነቅልም። የሽማኔው እጅ የት ጋ ክር እንደቀየረ አየሁ። የሙሽሪት አያት ጥለቱን በስክሪን ሳሳያቸው ጣታቸውን በክሩ ላይ ይዘው ሄዱ።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ የሌለው ሹተር ማብራት ያጓጓል። ተጠንቀቁ። ይህ ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል፤ የሚንቀሳቀስ እጅ ወይም ጽናጽል ይጣመማል። ሥርዓቱን ላለመረበሽ ከፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ፣ በተለመደው ሹተር፣ ጥቂት ፎቶ ብቻ አንሱ።

ካርድ፣ ዲስክና መብራት

ከሁሉ በላይ ያልተዘጋጀሁበት ይህ ነው። ያልታመቀ ሮው አንዱ ፎቶ 120 ሜጋባይት ገደማ ነው። የታመቀው 60 ገደማ። ከማለዳው የሙሽሪት ቤት እስከ ማታው አዳራሽ 1,500 ፎቶ ብታነሱ፣ ባልታመቀው 180 ጊጋባይት፣ በታመቀው 90 ጊጋባይት ነው። ለሠርግ የታመቀውን ተጠቀሙ። የታመቀው ጉድለት የሚታየው በጣም ደማቅና በጣም ጨለማ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ እኔ ሠርግ ላይ አላየሁትም። ያልታመቀውን ለመሬት ገጽታና ለትልቅ ኅትመት አስቀምጡት።

ካርድ ስትገዙ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ከአንድ ሱቅ ባለ 256 ጊጋባይት ካርድ በጥሩ ዋጋ ገዛሁ። ማሸጊያው የማይጠረጠር ነው። አንድ ምርቃት አነሳሁበት። ቤት ስመጣ ከመሀል ጀምሮ ያለው ፎቶ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ካርዱ ውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ የተጻፈው የትም አልገባም። ደግነቱ ዋናውን የቤተሰብ ፎቶ በሁለተኛው ካሜራ ደግሜው ነበር። ለቤተሰቡ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው፣ የጎደለውን በሌላ ቀን በነፃ አነሳሁላቸው። ያን ምሽት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአንድ ልጅ የምርቃት ቀን ሁለት ጊዜ አይመጣም።

አሁን ማንኛውም ካርድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ነፃ ፕሮግራም እፈትነዋለሁ። ካርዱን እስኪሞላ ድረስ ይጽፍበታል፣ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ያነበበው ከጻፈው ጋር ካልተመሳሰለ ካርዱ አይረባም። ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ካሜራው ሁለት የካርድ ቀዳዳ አለው። ሁለቱንም ሙሉና ያው ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲጻፍ እዘዙት። ለሠርግ ይህ አማራጭ የለውም።

ካርድ ሪደራችሁ የድሮ ዩኤስቢ 2 ከሆነ 90 ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በዚያ መሀል መብራት ሊጠፋ ይችላል። እኔ የምገለብጠው ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ በፈጣን ሪደር፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ። ሁለተኛው ዲስክ እህቴ ቤት ነው የሚያድረው። ሁለቱም ቦታ ላይ ፎቶዎቹ መከፈታቸውን ሳላይ ካርዱን ፎርማት አላደርግም።

ላፕቶፓችሁ ፋይሉ ከብዶት ቢንቀራፈፍ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። ላይትሩም ውስጥ "ስማርት ፕሪቪው" የሚባለውን አሠሩና በእሱ ላይ አርትዑ። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ጥራቱን ለማየት ብቻ ዋናውን ክፈቱ።

ፎቶውን ስትመዝኑ

አንድ ስሕተት ብዙዎቻችንን ያስጨንቃል። አዲሱን ካሜራ ገዝተን ፎቶውን 100 በመቶ እናሰፋና "ከድሮው ይደበዝዛል" እንላለን። ባለ 24 ኢንች ተራ ሞኒተር ላይ 100 በመቶ ስታሰፉ፣ 2 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ፎቶ በአፍንጫችሁ ነክታችሁ እንደማየት ነው። የድሮው ካሜራ በዚያው ሞኒተር 1 ሜትር ከ65 ነበር። ስለዚህ ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሁለቱን እኩል መጠን አድርጉ። በጨለማ በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየው ነጠብጣብም እንዲሁ ነው። 100 በመቶ ላይ በአዲሱ የበዛ ይመስላል፣ እኩል ስታደርጓቸው ይቀራረባሉ። እኔ ሠርግ ስመርጥ 50 በመቶ ላይ ነው የምመርጠው። 100 በመቶ የምሄደው ዓይን ላይ ፎከስ መያዙን ለማየት ብቻ ነው።

ለደንበኛም 61 ሜጋፒክስል አትስጡ። ስልካቸውን ይሞላዋል። 6,000 ፒክስል ወይም ከዚያ በታች አድርጋችሁ ላኩ፤ ትልቅ ማሳተም የሚፈልጉትን ለይታችሁ ሙሉውን ስጧቸው። በቴሌግራም ስትልኩ "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል።

አቧራ በሚበዛበት ወቅት ሐይቅ ዳር ሌንስ አትቀይሩ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። የግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት አዙሩ፣ ፈጠን በሉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ሴንሰር ላይ ይደርቃል። የጎማ መንፊያ ርካሽ ነው።

ትልቅ ስታሳትሙ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ አሳትሙ

60 በ90 ለማሳተም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከዚያው ፎቶ ላይ አንዱን ዝርዝር የበዛበት ቦታ በትክክለኛ መጠኑ ቆርጣችሁ ኤ4 ወረቀት ላይ አሳትሙ። የሞኒተራችሁ ብርሃን ከፍ ያለ ከሆነ ወረቀቱ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። እኔ የመጀመሪያው ቁራጭ ጨልሞብኝ፣ ጥላውን ትንሽ ከፍ አድርጌ ሁለተኛ አሳተምኩ። ሻርፕኒንጉንም በዚያው ቁራጭ ላይ ነው የለካሁት። ስክሪን ላይ ትንሽ የበዛ የሚመስለው ወረቀት ላይ ልክ ሆነ። ማት ወረቀት ከሚያንጸባርቀው ይልቅ ቀለሙን ስለሚመጥ እንደገና መሞከር አለባችሁ።

ያሳተምኩት የአዛውንቱን እጅ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጠቅልዬ ወደ አሞራ ገደል ይዤው ሄድኩ። ጀልባቸው አጠገብ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ስለ ቅርፊቷ የሚሉኝን ስጠብቅ፣ እሳቸው መረቡ ላይ አንድ ቦታ በጣታቸው ነክተው፣ "ይቺ ቋጠሮ ላልታለች ልጄ፤ ያን ቀን አላየኋትም" አሉኝ። ከዚያ መረባቸውን ከጀልባው ውስጥ አውጥተው ያቺን ቋጠሮ መፈለግ ጀመሩ።